ባለቤት የሌለው ታሪክ

ባለፈው ክረምት እኛ ሰፈር አንድ ታሪክ ገባ። እንደ እንግዳ ነው የገባው። ጅማ ዝናቡ አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ ሰው ከሥራ መልስ ቡና ላይ ነው የሚያመሸው። ጎረቤታችን ቤት አቦሉ ወርዶ፣ ቆሎው እየዞረ ሳለ አንዷ ስልኳን አወጣችና ቴሌግራም ላይ የደረሳትን የአንዲት ሴት ድምፅ አሰማችን። ሴትየዋ ስሟን አትናገርም። ባሏ ጥሏት እንደሄደ፣ ሁለት ልጅ ይዛ የቤት ኪራይ አቅቷት እንደነበር፣ ከዚያ ጓደኛዋ ስልክ ላይ የሚሠራ ሥራ እንዳሳየቻት፣ በሦስት ወር ውስጥ ባጃጅ እንደገዛች ትተርካለች። መሀል ላይ ድምፅዋ ይሰበራል። ከኋላ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ስትጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ፣ ቶናው ሳይፈላ ሦስት ሴቶች እንዴት እንደሚመዘገቡ እየጠየቁ ነበር።

ሥራ የተባለው እንዲህ ነው። ገንዘብ ታስገባለህ፣ በየቀኑ የተወሰነ ማስታወቂያ ትነካለህ፣ በቀን 4 በመቶ ይታሰብልሃል። በማግስቱ ካልኩሌተር ይዤ ሄድኩ። በቀን 4 በመቶው ከዋናው ጋር እየተደመረ ቢቀመጥ 1,000 ብር በሦስት ወር 34,000 ብር አካባቢ ይሆናል። በዓመት ደግሞ ከ1.6 ቢሊዮን ብር በላይ። ባንክ በዓመት 7 በመቶ በሚከፍልበት አገር ይሄ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከአዲስ ገቢው ኪስ ወጥቶ ለቀደመው ይሰጣል እንጂ ሌላ ምንጭ የለውም፣ አዲስ ገቢ የቆመ ቀን ሁሉም ይቆማል። ይህንን በወረቀት ጽፌ አሳየሁ። ጎረቤታችን በትዕግስት ሰማችኝና እንዲህ አለች፦ «ልጄ፣ አንተ ቁጥር ነው የምትለው። እሷ እኮ ገዝታለች።»

ሁለት ወር እንኳን አልቆየም። አንድ ጠዋት መተግበሪያው አልከፍት አለ። የጎረቤታችን የዕቁብ ብር አብሮ ሄደ።

«እሷ እኮ ገዝታለች» የሚለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ጎረቤታችን መርካቶ ውስጥ ስንት ዓመት የነገደች ሴት ናት። አንዲት ሣንቲም አትሳሳትም። ሂሳብ አታውቅም የሚላት ሰው ካለ እሷን አያውቅም። ታዲያ ለምንድነው የኔ ቁጥር ያልገባት፣ ስም የሌላት ሴት ድምፅ ግን የገባት? ይህንን ጥያቄ ይዤ ብዙ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁት ነገር ስለ ጎረቤታችን ብቻ አይደለም፣ ስለ ሁላችንም ነው።

በመጀመሪያ አንድ የሚያም ጥናት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ፖል ስሎቪክ ያሳተሙት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ቅጽ ሞልተው 5 ዶላር ይከፈላቸዋል፣ ከዚያ ላይ የፈለጉትን ያህል ለተራበ መለገስ ይችላሉ። ለአንዱ ቡድን ማሊ ውስጥ ያለች ሮኪያ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ታሪክ ከፎቶዋ ጋር ተሰጠው። ለሌላው ቡድን ቁጥር ብቻ፦ ማላዊ ውስጥ ይህን ያህል ሕፃናት፣ ዛምቢያ እንዲህ፣ አንጎላ እንዲህ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ይፈልጋሉ። ሮኪያን ያዩት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ። ቁጥሩን ያነበቡት 1.14። እኔን የገረመኝ ግን ሦስተኛው ቡድን ነው። ለእነሱ ሮኪያም ቁጥሩም አብሮ ተሰጣቸው፣ የሰጡት 1.43 ብቻ ነው። ቁጥሩ የልጅቷን ታሪክ አላገዘውም፣ አቀዘቀዘው።

ይህንን ሳነብ ቆም አልኩ። በዚያ ወረቀት ላይ ቁጥሩ እኛ ነን። 11 ሚሊዮን የተባለው የአንድ ሰው እናት፣ የአንድ ሰው አጎት፣ ትምህርቷን ያቋረጠች የአንድ ሰው እህት ነው፣ ግን ሁሉም አንድ ላይ ሲጠሩ የማንንም ልብ አልነኩም። አንዲት ልጅ በስሟ ስትጠራ ግን ነካች። የሚገርመው የጅማዋ ጎረቤቴና የአሜሪካው ሰውዬ አንድ ዓይነት ልብ ነው ያላቸው።

ለምን እንዲህ ሆንን? አእምሯችን ከሥር ከመሠረቱ ታሪክ ፈላጊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ፍሪትዝ ሃይደርና ማሪያን ሲመል የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ አጭር የሥዕል ፊልም ሠሩ። ፊልሙ ላይ አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ትንሽ ሦስት ማዕዘንና አንዲት ክብ ይንቀሳቀሳሉ። በር ካለው አንድ አራት ማዕዘን በቀር ሌላ ምንም የለም። ያዩትን እንዲናገሩ ከተጠየቁት 34 ሰዎች 33ቱ ታሪክ ተናገሩ። ትልቁ ጉልበተኛ ነው፣ ትንሹ ደፋር ነው፣ ክቧ ፈርታ ሸሸች። «ቅርጾች ተንቀሳቀሱ» ብሎ የተወው አንድ ሰው ብቻ ነው። ይሄ ድክመት አይደለም። ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ «አንድ ነገር ሊመጣብኝ ነው» ብሎ ያሰበው ሰው ነው የተረፈው፣ ነፋስ ነው ብሎ የተኛው አንዳንዴ አልተነሳም። ማን፣ ለምን፣ ቀጥሎ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ አብሮን የተወለደ ነው።

ደግሞ ታሪክ ብቻችንን የምንይዘው ነገር አይደለም። ፖሊ ዊስነር የምትባል የሰው ልጅ ጥናት ባለሙያ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ጁ ሆአንሲ ከሚባሉ አድነውና ለቅመው ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ስትኖር የቀንና የማታ ወሬያቸውን መዘገበች፣ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳተመችው። ቀን ቀን ወሬው ስለ ምግብ፣ ስለ ሥራ፣ እንዲሁም ማማረርና ሰው ማማት ነው፣ ተረትና ታሪክ 6 በመቶ ብቻ። ፀሐይ ጠልቃ እሳቱ ሲነድ ግን 81 በመቶው ታሪክ ሆነ። ስለ ሩቅ ዘመድ፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ጥንት ሰው። እኔ ይሄንን ሳነብ ልጅነቴ ነው የመጣብኝ። መብራት ሲጠፋ እናዝን ነበር እንዴ? አናዝንም። አያቴ ምድጃው አጠገብ «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኛ «የላም በረት» እንላለን፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ የሆኑት የጎረቤት ልጆችም የቤታቸውን ዱርዱሪ ያመጡልናል፣ ሲመሽ ቀበሮው የማን ቤት ተረት እንደሆነ መለየት ያቅተን ነበር። በቀን ተረት ንገሪን ብንላት አትነግረንም። ቀን የሥራ ነው።

ፊሊፒንስ ውስጥ አግታ በሚባሉ ሕዝቦች መካከል የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ አለ። ጥሩ ተረት ነጋሪ የበዛበት ሰፈር ሰዎቹ ሩዝ ሲካፈሉ ይበልጥ ይተሳሰባሉ። አብራችሁ መኖር የምትፈልጉት ከማን ጋር ነው ሲባሉ ከጎበዝ ምግብ ፈላጊ ይልቅ ጎበዝ ተረት ነጋሪን መረጡ። ከተረቶቻቸው አንዱ ስለ ፀሐይና ጨረቃ ነው፣ ሰማዩን ማን ያብራ ብለው ተጣልተው በኋላ ቀንና ሌሊት ተከፋፈሉት። አባቶቻችን ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ሲሉ ይህን ነው ያወቁት፣ «ተካፈሉ» ብሎ ከመምከር ፀሐይና ጨረቃን ማስታረቅ ይሻላል።

ጅማ ተቀምጦ ስለ ታሪክ እያወሩ ቡናን መዝለል አይቻልም። የካልዲን ነገር የማያውቅ የለም። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጩ አየ፣ ወስዶ ለመነኮሳቱ አሳየ። ጎማ ወረዳ ጮጬ ብትሄዱ እዚህ ነው የሆነው ይሏችኋል፣ ስሙንም ካሊድ የሚሉት አሉ። ቦንጋ ብትሄዱ የካፋ ሰው አይስማማም። በጽሑፍ ቀድሞ የሚታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ የታተመ ነው፣ የጻፈው ፋውስቱስ ናይሮን የሚባል መምህር ነው። እሱ በጻፈው ውስጥ እረኛው ስም የለውም፣ ነገሩ የሚሆነውም የመን ነው፣ እንስሶቹም ግመሎች ወይም ሌሎች እንደሚሉት ፍየሎች ናቸው። ካልዲ የሚለው ስም በኋላ የተጨመረ ነው። በሌላ በኩል የአረቢካ ቡና መነሻው የእኛ የደቡብ ምዕራብ ጫካ እንደሆነ ሳይንሱ አረጋግጧል። ስለዚህ ታሪኩ ዝርዝሩ ተረት ቢሆንም ያረፈው እውነት ላይ ነው። ሰው የያዘው ግን ዝርዝሩን ነው፣ የምትፈነጭ ፍየል ከጫካ ሥነ ፍጥረት ይልቅ አእምሮ ውስጥ ትቀመጣለች።

በዚህ ላይ የራሴ ቅሬታ አለኝ። ፍየሏ የማንን ቦታ እንደወሰደች አስቡት። ቡናን በቅቤ ቆልተው የበሉት፣ ቡና ቀላ የሚባለውን ሥርዓት ለልጅ ልጅ ያስተማሩት፣ ቅጠሉን አፍልተው የጠጡት፣ የቱ ዛፍ ጥላ ሥር እንደሚያፈራ በዓይናቸው ለይተው ያወቁት ሰዎች ሁሉ ከታሪኩ ወጡ። የብዙ ትውልድ ዕውቀት የአንድ ቀን አጋጣሚ ሆነ። ጥሩ ታሪክ እንዲህም ያደርጋል፣ አንዱን ሲያጎላ ሌላውን ያጠፋል።

ቋንቋችንም እዚህ ላይ አያግዘንም። «ታሪክ» እንላለን፣ አድዋም ታሪክ ነው፣ ትናንት ሰፈር ውስጥ የሰማሁትም ታሪክ ነው። ተረት ስንል ውሸት መሆኑን ተስማምተን ነው የምንጀምረው፣ የላም በረት ማለት ውል ነው። ወሬ ስንል ደግሞ ገና ከመስማታችን እንጠራጠራለን፣ ለዚህ ነው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የተባለው። የዚያች ሴት ድምፅ ግን ተረትም ወሬም ሆኖ አልመጣም። ታሪኬ ብሎ ነው የመጣው። «የሕይወት ታሪኬ» ለሚል ሰው መላ ጨምር የሚል አላስተማሩንም፣ ነውር ይመስላል። የሚያለቅስን ሰው ማን ደረሰኝ ይጠይቃል?

አሁን ታሪክ በእርግጥ ምናችንን ነው የሚለውጠው ወደሚለው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። እኔ ታሪክ እምነታችንን ይለውጣል ብዬ ነበር የማስበው። ኤልዛቤት ፓሉክ የምትባል ተመራማሪ ሩዋንዳ ውስጥ አንድ ዓመት የፈጀ ጥናት አድርጋ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተመች። ከእልቂቱ ዓመታት በኋላ ነው። አንዳንድ መንደሮች ስለ እርቅና ስለ ሁለት የተጣሉ ማኅበረሰቦች የሚተርክ የራዲዮ ድራማ ሰሙ፣ ሌሎቹ ስለ ጤና የሚተርክ ድራማ። በመጨረሻ ሲጠየቁ የእርቁን ድራማ የሰሙት የግል እምነታቸው ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው «ሰው እዚህ እንዴት ነው የሚኖረው፣ ምን ያደርጋል» የሚለው ስሜታቸው ነው። ማመን፣ መጋባት፣ ባይስማሙ ደፍሮ መናገር፣ እነዚህ እዚህ የሚደረጉ ነገሮች ናቸው ብለው ማሰብ ጀመሩ። ጥናቱ ሲያልቅ ለየመንደሩ ራዲዮና ካሴቶች በስጦታ ሲሰጡ ደግሞ የጤናውን ድራማ የሰሙት ለሹሙ ይሰጥ ብለው ቶሎ ጨረሱት፣ የእርቁን የሰሙት ግን ተከራክረው በጋራ እንያዘው አሉ።

ይህንን እኛም ኖረነዋል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በራዲዮ ይተላለፍ የነበረውን «የቀን ቅኝት» የሚያስታውስ ይኖራል፣ 257 ክፍል ነበረው፣ በኦሮምኛ ደግሞ «ዲምቢባ» ነበር። ኤች አይ ቪ ስሙ በሹክሹክታ የሚጠራበት ጊዜ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ድራማው ሲጀምር ግቢው ጸጥ ይል እንደነበር ትዝ ይለኛል። ያዘጋጀው ድርጅት ያወጣው ውጤት ድራማውን የሚከታተሉ ወንዶች ከማይከታተሉት በአራት እጥፍ ምርመራ ሄደዋል ይላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ መጀመሪያውኑ ለነገሩ ልብ ያለው ሰው ይሆናል ድራማውን የተከታተለው። ቢሆንም ግቢያችን ውስጥ የሆነውን አልክድም። ሐኪም ተመርመሩ ሲል ስንት ጊዜ ሰምተዋል፣ ራዲዮ ላይ ያለው ገጸ ባሕርይ ሲመረመር ግን ምርመራ «ሰው የሚያደርገው ነገር» ሆነ።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ልመለስ። ያ ድምፅ በቀን 4 በመቶ ይቻላል ብሎ አላሳመናትም። «እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ይሄን እያደረጉ ነው፣ አንቺ ብቻ ቀረሽ» ነው ያላት። የእኔ ወረቀት ላይ ደግሞ ሰው አልነበረበትም። ከስሮ የተቀመጠ፣ አልቅሶ የተናገረ አንድ ሰው ይዤ ብሄድ ይሻል ነበር፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል። ግን የከሰረ ሰው ከየት ይመጣል? የከሰረ ያፍራል፣ ዝም ይላል። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱት የዞናችን ልጆች ነገርም እንዲሁ ነው። የሚላከው ፎቶ የተሠራው ቤት ነው፣ የተገዛው መኪና ነው። በመንገድ የቀረው ፎቶ አይልክም። ስለዚህ የሚደርሰን ታሪክ ሁሉ የደረሱት ሰዎች ታሪክ ነው፣ እያንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ተሰብስቦ ግን ይዋሻል።

ድሮስ እንዲህ ያለ ታሪክ አልነበረም እንዴ የምትሉ ትኖራላችሁ። ነበረ። ልዩነቱ ድሮ ታሪክ ባለቤት ነበረው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ይቀመጣሉ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከማን ሰማህ ይባባላሉ። ያየውና የሰማው ይለያል። ሐሰት ያመጣ ሰው በጎሳው ፊት ይጠየቃል፣ ይቀጣል። በረሃ ውስጥ ውኃ አለ ብሎ የዋሸ ሰው ነፍስ ሊያጠፋ ይችላላ። የእኛም ቡና ላይ ቢሆን «ማነው ያለው?» ማለት ነበር፣ የነገረችን ሴት ነገም በዚሁ በር ታልፋለች፣ ዓይናችንን ታያለች። ቴሌግራም ላይ ያለው ድምፅ ግን በማንም በር አያልፍም። አሁን ደግሞ ድምፁንም ልቅሶውንም ኮምፒውተር ይሠራዋል፣ ከኋላ የሚያለቅሰውን ሕፃን ሳይቀር።

ፍጥነቱም ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ትዊተር ላይ የተሰራጩ 126,000 ያህል ወሬዎችን ተከታትሎ ነበር። ውሸቱ ከእውነቱ በ70 በመቶ ይበልጥ የመጋራት ዕድል ነበረው። እውነቱ 1,500 ሰው ጋ ለመድረስ ከውሸቱ ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ ፈጀበት። ይህን ያደረጉት ደግሞ በዋናነት ሮቦቶች አይደሉም፣ ሰዎች ናቸው፣ ውሸቱ አዲስና አስገራሚ ስለሆነ። አገራችን በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቁጥር 1185 አውጥታለች። ሕግ ያስፈልጋል፣ ግን ሕግ የሚደርሰው ከሆነ በኋላ ነው፣ የጎረቤታችን ቡና ላይ አይቀመጥም። ቡናው ላይ የምንቀመጠው እኛ ነን፣ አስተላላፊዎቹም እኛው ነን። ያንን ድምፅ እኛ ሰፈር ያመጣችው ልጅ ክፉ አይደለችም፣ ለሰው አዝና ነው «ሼር» ያደረገችው።

አንዳንዱ ሰው ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ታሪክ አትስሙ፣ በቁጥር ብቻ ኑሩ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በቁጥር ብቻ የምንኖር ቢሆን ሮኪያም 2.38 አታገኝም ነበር። ሐዘን ቤት የሚያስቀምጠን፣ ለማናውቀው በሽተኛ ኪሳችንን የሚያስፈታን ይኸው ልብ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ቤት ቡና ላይ ነበርን። ሌላ ድምፅ መጣ፣ ኩላሊቷን የታመመች ልጅ እናት፣ እርዱኝ የምትል። እያለቀሰች ነው። ሁላችንም ወደ ጎረቤታችን አየን። እሷ ጀበናውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና «የማን ልጅ ናት?» አለች። ያመጣችው ልጅ አላውቅም አለች። «እንግዲህ ጠይቂያ፣ ከማን ደረሰሽ?» ልጅቷ ደወለች፣ ያኛዋም ሌላ ጋ ደወለች፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ደረሰ፣ ማንም አልተነሳም። በመጨረሻ አጋሮ መንገድ ላይ እህል የምትሸጥ አንዲት ሴት በስልክ ተገኘች፣ የልጅቷ አክስት ናት፣ የተኛችበትን ክፍል፣ የሐኪሙን ቀጠሮ ቀን ሳይቀር ነገረችን። ጎረቤታችን ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፈታች፣ 200 ብር አወጣችና ስኒዎቹ አጠገብ አኖረች። ከዚያ በረካውን መቅዳት ጀመረች።